ሲሙሌተሩ ከኔትወርኩ ከዘገየ ለቅጽበታዊ ማስተካከያ ሊያገለግል ይችላል?

ጥያቄ፦
የምሠራው በሞባይል ኔትወርክ ማሻሻያ ላይ ነው። እንደ መስቀል አደባባይ ባለ ሰፊ ቦታ ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ ለአዘቦቱ ቀን የተቀመጠው የሀንድኦቨር ቅንብር (ስልክ ከአንድ ሴል፣ ማለትም ከአንድ አንቴና ሽፋን፣ ወደ ሌላው መቼ እንደሚዛወር የሚወስነው) አይሠራም። ኤንኤስ-3 የተባለውን ሲሙሌተር (የኔትወርክን አሠራር በኮምፒውተር የሚያስመስል ሶፍትዌር) ከኔትወርኩ ጎን እያስኬድኩ አዲስ ቅንብር አስቀድሞ በሲሙሌሽን እንዲፈተን እፈልጋለሁ። ሆኖም ተጠቃሚው ሲበዛ የአንድ ሰከንድ ክንውንን ለማስላት ብዙ ሰከንዶች ይፈጅበታል። መፍትሔው ምን ይሆን?

መልስ 1፦
ሁሉም ውሳኔ እኩል አይቸኩልም። በኤልቲኢ (በ4ጂ ኔትወርክ) የሬዲዮ ሀብት ለየትኛው ስልክ እንደሚሰጥ ቤዝ ስቴሽኑ (ከስልኮቹ ጋር የሚገናኘው ጣቢያ) በየ1 ሚሊሰከንዱ ስለሚወስን፣ እዚያ ሲሙሌተር መግባት የለበትም። ኦ-ራን የተባለው ክፍት የሬዲዮ ኔትወርክ አሠራርም ከ10 ሚሊሰከንድ እስከ 1 ሰከንድ ያለውን ቁጥጥር ለአንድ መቆጣጠሪያ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለሌላ ይሰጣል። የእርስዎ ቅንብር ግን የሚቀየረው በደቂቃዎች ስለሆነ፣ ሲሙሌሽኑ መቅደም ያለበት የሬዲዮ ቻናሉን ሳይሆን የሕዝቡን እንቅስቃሴ ነው። አንድ የኤንኤስ-3 ክንውን በተለመደው አሠራር በአንድ ኮር (የፕሮሰሰር ክፍል) ላይ ብቻ ስለሚሄድ፣ አማራጭ ቅንብሮቹን በተለያዩ ኮሮች ላይ ጎን ለጎን ያስኪዷቸው፤ ውጤቱ የአጋጣሚ እንዳይሆንም እያንዳንዱን በተለያየ የዘፈቀደ ቁጥር መነሻ ይድገሙት።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሲሙሌተሩ የሚመገበው መረጃ ነው። የጎረቤት ሴል ሲግናል በ3 ዲቢ (ዴሲቤል) በልጦ ለ320 ሚሊሰከንድ ከቆየ ስልኩ ይዛወር ተብሏል እንበል። ይህን የ320 ሚሊሰከንድ ቆይታ ብናስረዝመው ቆመው የሚያወሩ ሰዎች ስልክ በሁለት ሴሎች መካከል መመላለሱን ይቀንሳል፤ በመኪና የሚያልፈው ሰው ግን ሳይዛወር መስመሩ ሊቋረጥበት ይችላል። የትኛው እንደሚያመዝን የሚወስነው የእግረኛውና የመኪናው ድርሻ ስለሆነ፣ ያለፈው ሳምንት መረጃ ለዛሬው በዓል አይበቃም። ስለዚህ ከስልኮቹ የሚመጣውን የሲግናል ልኬት በየጥቂት ደቂቃው ያስገቡ። አስቀድመው ግን ሲሙሌተሩ አሁን በሥራ ላይ ባለው ቅንብር የሚተነብየውን ከእውነተኛው ልኬት ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነቱ ከሰፋ ምክሩን አይቀበሉ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ትንበያው ከልኬቱ ጋር ተቀራርቦም ለውጡ ጉዳት ቢያመጣስ?

መልስ 2፦
ከሲሙሌተሩ ትክክለኛውን የመቋረጥ መጠን አይጠብቁ፤ ከአማራጮቹ የትኛው እንደሚሻል ብቻ ይጠይቁት። የመረጠውንም በአንድ ሴል ላይ በትንሽ እርምጃ ይተግብሩ፤ በዚያው ጊዜ የጎረቤቶቹን ቅንብር አይንኩ፣ አለበለዚያ የለውጡን ምክንያት መለየት ያስቸግራል። የመቋረጥ መጠኑ አስቀድመው ከወሰኑት ጣሪያ ካለፈም፣ የሰው ትእዛዝ ሳይጠበቅ የቀድሞው ቅንብር ወዲያውኑ እንዲመለስ ያድርጉ።