ለባሕር መጥተን ዝናብ ቤት ዘጋብን፤ ልጆቹን ምን ላጫውታቸው? (አስቸኳይ)

የልጆች እናት (ጠዋት 3፡40)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለአምስት ቀን ባሕር ዳርቻ ላይ ቤት ተከራይተን ነው የመጣነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ተነስተው የዋና ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ አንጀቴን በሉት። አሁን ደግሞ እርስ በርስ መጣላት ጀምረዋል። ታብሌቱም ሞቷል። ቤት ውስጥ ምን ላጫውታቸው? መጫወቻ የሚባል ነገር ይዤ አልመጣሁም።

የመንታ አባት (3፡46)
አይዞሽ እህቴ። ስንት ናቸው? ዕድሜያቸውስ? ታብሌቱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ቻርጅ ጨርሶ?

ታላቅ እህት (3፡48)
አንሶላ አውጪና ድንኳን ሥሪላቸው። ሁለት ወንበር ጀርባና ጀርባቸውን አዙረሽ ታቆሚያለሽ፣ አንሶላውን ከላይ፣ ትራሱን ከሥር። የኔዎቹ ሁልጊዜ በዚህ ይረጋጋሉ።

መምህሩ (3፡55)
ልጄ፣ በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ። ልጅ ሲሰለች ወላጅ ወዲያው መሮጥ የለበትም። የዛሬ ልጆች ለአንድ ደቂቃ እንኳ ባዶ እጃቸውን መቀመጥ አልለመዱም። ጨዋታን ሁሌ ከእኛ እጅ ከጠበቁ በራሳቸው መፍጠርን አይማሩም። ሃያ ደቂቃ ተያቸው። መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ቀጥሎ ያኮርፋሉ፣ ከዚያ አንዱ አንድ ነገር ያነሳል። ያን ጊዜ ጨዋታው የራሳቸው ይሆናል። እኔ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ወላጅ ግን እስከዚያ አይታገስም፤ ስልኩን ያቀብላል።

የልጆች እናት (4፡02)
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን ሃያውን ደቂቃ ሰጥቻቸው ትንሿ ወንድሟን ነከሰችው።
ሦስት ናቸው። 3፣ 7 እና 12 ዓመት። መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም፣ ለዚህ ነው ታብሌቱ የጠፋው። የኔም ስልክ 40 በመቶ ላይ ነው።

ዝናብ ወዳጅ (4፡05)
ቆይ፣ ለምንድነው ቤት የሚዘጋባቸው? ባሕር የመጡት ለመርጠብ አይደል? የዋና ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ አሸዋውም እዚያው ነው። ፎጣ አዘጋጅተሽ ልቀቂያቸው። ዝናብ ማንንም አያሟሟም። እኛ ልጆች ሳለን የሚያስደስተን እሱ ነበር። እርጥብ አሸዋ ደግሞ ግንብ ለመሥራት ከደረቁ ይሻላል፣ ይያያዛል።

የልጆች እናት (4፡07)
ነጎድጓድ አለ እኮ።

የመንታ አባት (4፡11)
እንደሱ ከሆነ መውጣት የለም። ክፍት ባሕር ዳርቻ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ነው፣ ውሃ ውስጥ ያለ ደግሞ ባሰበት። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው። ለመውጣት ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ በመሃል እንደገና ከተሰማ ከዜሮ ይጀመራል። መብረቁ እስኪያልፍ ልጆቹን ገላ አታጥቢ፣ መብረቅ በቧንቧ መስመር ሊገባ ይችላል። በረንዳ ላይም አይቁሙ።
ለ7 ዓመቱ ግን ይኼው ራሱ ጨዋታ ይሆንለታል። በመስኮት ብልጭታውን ሲያይ መቁጠር ይጀምር፣ ድምፁ ሲመጣ ያቁም። በየሦስቱ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ዘጠኝ ከቆጠረ መብረቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። እየጻፈ ይያዝ፣ እየቀረበ ነው እየራቀ የሚለውን እሱ ይንገራችሁ። ነጎድጓድ የሚፈራ ልጅ ሲቆጥር ፍርሃቱ ይቀንስለታል።

ዝናብ ወዳጅ (4፡13)
ነጎድጓዱን አላነሳሽም ነበር። ካለማ ልክ ነው፣ ይቀመጡ። ተራ ዝናብ ሲሆን ግን ሐሳቤ ያው ነው።

ታላቅ እህት (4፡15)
ድንኳኑን ሠራሽው? አንሶላው ከቀለለ ጫፉን በመጽሐፍ አስይዢው። ውስጡ የእጅ ባትሪ አብሪላቸው።

ሰማያዊ ዛጎል (4፡20)
ትናንት ወይም ከትናንት በስቲያ ዛጎል ሰብስበዋል? ከሰበሰቡ ቀኑ ተሳክቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ውስጣቸው ነፍስ ያለው ነገር አለመኖሩን እዪ፤ ካለ ሲያባራ ወደ ውሃው ይመለሳል። ባዶዎቹን አጥበሽ ፎጣ ላይ ዘርጊ። ይለዩአቸው፦ እንደ መጽሐፍ ሁለት ክዳን የነበራቸው በአንድ በኩል፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዙት በሌላ በኩል። የተጠመዘዘውን ጫፉ ወደ ላይ፣ አፉ ወደ እናንተ ሆኖ ያዙት። አፉ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ነው። በግራ ያገኘ ያሸንፋል! እሱ ብርቅ ነው። ደግሞ ክብ፣ ንጹሕ ቀዳዳ ያለበትን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሌላ አዳኝ ቀንድ አውጣ ሰርስሮ ውስጡን የበላበት ነው። የ12 ዓመት ልጅ እንደ መርማሪ ነው የሚሆነው።
ኩሽናው ውስጥ አቼቶ ወይም ሎሚ ካለ አንድ የተሰበረ ዛጎል ላይ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ያወጣል። የዛጎሉ ኖራ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ የሚወጣ ጋዝ ነው። አሸዋውንም ሞክሩት። አረፋ ካወጣ አሸዋችሁ ውስጥ የደቀቀ ዛጎል ወይም ሌላ ኖራ ያለበት ነገር አለ።

የልጆች እናት (4፡31)
አንድ ባልዲ ሙሉ ዛጎል አለን! አቼቶም አገኘሁ። ግን ትንሿ ሁሉን ነገር ወደ አፏ ነው።

የመንታ አባት (4፡34)
የሶፍት ካርቶን ቱቦ አለሽ? በውስጡ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለሷ ይከለከል፣ ሊያንቃት ይችላል። ትልልቆቹን ብቻ ስጪያት፣ አጠገቧም ሁኚ። ለሷ ደግሞ ካልሲ ጠቅልለሽ ኳስ አድርጊላት፣ ድስት ውስጥ ትወርውር። በዚያ ዕድሜ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ፀሐይ ትወጣለች (4፡38)
የባሕር ውሃ በሳህን አስቀምጡና ጨው ሥሩ። አንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ።

ሰማያዊ ዛጎል (4፡41)
ጥሩ ነው፣ ግን በዚህ እርጥበት ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል። ለዛሬ አይደርስም። ውሃውን ለመቅዳት ደግሞ ማንም አሁን አይውጣ።

ታላቅ እህት (4፡44)
እኔ አሁንም ድንኳኑን ነው የምለው። ጥላ ጨዋታም ይቻላል፦ የእጅ ባትሪ ከኋላ፣ እጅ ከፊት፣ አንሶላው ላይ ጥንቸል፣ ወፍ፣ አዞ። ሻማ ግን ወደ ድንኳኑ ፈጽሞ እንዳይገባ! ባትሪ ከሌለሽ የስልኩን መብራት ወደ ላይ አዙረሽ፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አጠገቡ አቁሚ። ብርሃኑን ይበትነዋል።

መምህሩ (4፡52)
ለትልቁ ኃላፊነት ስጪው። 12 ዓመት ሞልቶት «ልጆች» ከሚባሉት ጋር መቆጠሩ ነው የሚያስኮርፈው። ሲያባራ ሳይሆን መብረቁ ሲርቅ፣ ቀጥ ያለ ጎን ያለው ብርጭቆ ክፍት ቦታ ላይ ያስቀምጥ። ከጣሪያ የሚንጠባጠብ እንዳይገባበት። በየሰዓቱ በማስመሪያ ይለካ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ከዚያ የቤቱን ጣሪያ በእርምጃ ገምቶ ስንት ሊትር እንደወረደበት ያስላ። ስልክም መብራትም አይፈልግም።
የእንቁላል ካርቶን ካገኛችሁ ደግሞ ገበጣ ሆነ ማለት ነው። አሥራ ሁለት ጉድጓድ አለው፣ በየጉድጓዱ አራት ትንንሽ ዛጎል፣ ሁሉም 48። ታናሹን እሱ ያስተምረው። ትንሿ ስትተኛ ብቻ።

ሁለት ጎማ (4፡57)
አባትየውስ የት ነው? 😄 ጀርባው ላይ ፍራሽ ጫኑበትና ጀልባ ይሁን። የኔ ልጆች ሌላ ሁሉ ቀርቶ «አባዬ ጀልባ» ነው የሚሉት።

የልጆች እናት (5፡20)
አባታቸው ጀልባ ሆኗል፣ ትንሿ ላዩ ላይ ናት። ሁለተኛው መብረቅ እየቆጠረ ግድግዳውን በእርሳስ ሊሞላው ነበር፣ ወረቀት ሰጠሁት። ትልቁ አሁን ነው ድምፁ የተሰማው፣ ብርጭቆ እየመረጠ ነው። ስልኬ 22 በመቶ ላይ ደርሷል። ማታ እነግራችኋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዝናብ ወዳጅ (5፡26)
ሲያባራ ደግሞ ወዲያው ውሃ ውስጥ አታስገቢያቸው። ዝናብ የምወድ ሰው ነኝ፣ ይህን ግን ከልቤ ነው የምልሽ። ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ጎርፉ ቆሻሻውን ሁሉ ይዞ ነው ባሕር የሚገባው። ወንዝ ወይም የፍሳሽ ቦይ የሚገባበት አካባቢ ሁለት ሦስት ቀን መቆየት ይሻላል። ውሃው ቡናማ ከሆነ አለመግባት። ማዕበሉም ነፋሱ ከቆመ በኋላ ይቆያል። ያን ጊዜ ዛጎል መልቀም ነው ጥሩው፣ ማዕበል አዳዲሱን ያወጣል።

ታላቅ እህት (ማታ 2፡15)
እህቴ፣ መብራት መጣ? ድንኳኑስ?

አዲስ ገብ (በማግሥቱ ጠዋት 2፡30)
እኛም ዛሬ ያው ችግር ነው፣ ግን ያለነው ሆቴል ነው፣ አንዲት ክፍል ብቻ። ከታች ያሉት እንግዶች ጩኸት አልወደዱም። ዝም የሚያሰኝ ጨዋታ አለ?

የመንታ አባት (2፡41)
ቃላት ጨዋታ። አንድ ፊደል ይመረጥ፣ ከክፍሉ ውስጥ በዚያ የሚጀምር ዕቃ በሹክሹክታ መጥራት። ጮክ ያለ ተራው ያልፈዋል። ወይም አሥር ዕቃ ፎጣ ላይ ደርድሪ፣ ይዩት፣ ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ አንዱን ደብቂ። የቱ ጠፋ? ከዚያ ሁለት ሁለት ደብቂ።

መምህሩ (4፡10)
የልጆች እናት፣ ልጅሽ ስንት ሚሊ ሜትር ለካ? የጣሪያውን ስሌት ከላክልኝ አየዋለሁ።