ላፕቶፕ ሳይኖረኝ የፕሮግራሚንግ ኮርስ መጀመር እችላለሁን?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በመጪው ሴሚስተር በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ የሚሰጠውን የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ መግቢያ ኮርስ እጀምራለሁ። በተማርኩበት የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የማይሠሩ ስለነበሩ የአይሲቲን ትምህርት ያለፍኩት ከመጽሐፍ በማንበብ ብቻ ነው፤ ኪቦርድ በእጄ የነካሁት ዘንድሮ ነው ማለት እችላለሁ። የዶርም ጓደኞቼ ከወዲሁ ስለ ሉፕና ስለ ፈንክሽን ሲነጋገሩ እየሰማሁ ዝም እላለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የአባቴ ነገር ነው። «ትምህርትሽ ኮምፒውተር የሚፈልግ ከሆነ አንዱን በሬ ሸጬም ቢሆን እገዛልሻለሁ» ብሎኛል። ያሉን በሬዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከተሸጠ ለመጪው እርሻ ጥማድ ከሰው መለመን ሊኖርብን ነው። ስለዚህ መልስ ሳልሰጠው እናንተን ልጠይቅ። በእጄ ባለው አንድሮይድ ስልክና በግቢው ላብ ብቻ ይህን ኮርስ መማር ይቻላልን? የሒሳብ ችሎታዬ መካከለኛ ነው፤ ይበቃኛል? እስከ ምዝገባ ባሉት ሦስት ሳምንታትስ ከምን ልጀምር?

መልስ ፩ (የአራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ)

እህቴ፣ በቅድሚያ በሬው አይሸጥ። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በመግቢያው ኮርስ የምትጽፊያቸው ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ከአንድ ገጽ አያልፉም፤ እነርሱን ለማስኬድ ደግሞ እጅግ ደካማ የሚባል ማሽን እንኳ ይበቃል። ብያርነ ስትሮስትሩፕ ኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለውን ቋንቋ በ1979 እ.ኤ.አ. መሥራት ሲጀምር የነበሩት ኮምፒውተሮች አቅማቸው ዛሬ በእጅሽ ካለው ስልክ በብዙ ያንስ ነበር።

በስልክሽ ላይ ሲኤክስኤክስድሮይድ የሚባለውን፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ የሚጻፍበትንና የሚኬድበትን መተግበሪያ ጫኚ። አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለማውረድ ግን ዳታ ስለሚበላ በላይብረሪው ዋይፋይ ብታወርጂው ይሻላል። በጣት መጻፉ ካሰለቸሽ በኦቲጂ ማገናኛ መደበኛ ኪቦርድ ከስልኩ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ እኔ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሙሉ በሙሉ እንዲህ አድርጌ ነው ያለፍኩት። ላብ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት ደግሞ የላብ ረዳቱን አስፈቅደሽ ግቢ፤ ክፍል ከሌለ ብዙውን ጊዜ አይከለክሉም።

ሆኖም ከስልኩም ከላቡም በላይ የሚጠቅምሽ ደብተርና እርሳስ ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። ፈተናው በወረቀት ሲሆን «የሚከተለው ኮድ ምን ያትማል?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ከእኔ ጋር የጀመሩ፣ ላፕቶፕም የነበራቸው፣ ኮዱን ሁልጊዜ ማሽኑ እያስኬደላቸው የለመዱ ልጆች ሚድ ላይ የተቸገሩት በዚህ ጥያቄ ነው። መፍትሔው ሠንጠረዥ መሥራት ነው። ለእያንዳንዱ ቫሪያብል (ዋጋ ለሚይዝ ስም) አንድ ዓምድ ታሰምሪና ኮዱን መስመር በመስመር እንደ ማሽኑ ሆነሽ ትከተያለሽ፤ ዋጋው በተለወጠ ቁጥር የቀድሞውን ሰርዘሽ አዲሱን ከሥሩ ትጽፊያለሽ። ለምሳሌ ከ1 እስከ 5 ያሉትን ቁጥሮች የሚደምር ሉፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ የሚያስኬድ ኮድ) ቢሰጥሽ፣ በቆጣሪው ዓምድ ሥር 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ በድምሩ ዓምድ ሥር ደግሞ 1፣ 3፣ 6፣ 10፣ 15 ይወጣል። ቀጥሎ ቆጣሪው 6 ይሆናል፤ ሉፑ የሚቆመው ያኔ ነው። ብዙ ተማሪ የመጨረሻውን 6 ሳይጽፍ ያልፈዋል፤ ከሉፑ በኋላ ቆጣሪው ስንት እንደሆነ ሲጠየቅም 5 ይላል። በሦስቱ ሳምንታት በቀን ሁለት ኮድ ብቻ እንዲህ በእጅሽ ብትከተይ፣ ዛሬ ስለ ሉፕ ከሚያወሩት ከብዙዎቹ ቀድመሽ ትገኛለሽ።

መልስ ፪ (በአንድ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር)

ከላይ የተሰጠውን ምክር እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ለአባትሽ «ጨርሶ አያስፈልግም» ብለሽ እንዳትነግሪያቸው። ዳታቤዝና ፕሮጀክት የሚባሉት ኮርሶች ሲመጡ የራስሽ ኮምፒውተር ያስፈልግሻል። ያን ጊዜም ቢሆን አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለተማሪ በደንብ ይበቃል። ስትገዢ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ ባትሪው ሳይሰካ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የኪቦርዱ ቁልፎች ሁሉ እንደሚሠሩ እዚያው ቆመሽ ፈትሺ። እስከዚያ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ማጠራቀም ይቻላል።

መልስ ፫ (የላብ ረዳት)

ስለ ሒሳብ የጠየቅሽውን እኔ ልመልስ። በላብ ውስጥ እንዳየሁት ተማሪ የሚቸገረው ሒሳብ ስላነሰው ሳይሆን፣ በልቡ የሚያውቀውን ሥራ ምንም ለማያውቅ ማሽን በቅደም ተከተል ማስረዳት ስላልለመደ ነው። ከሒሳብ በቀጥታ የሚያስፈልግሽ በመጀመሪያው ሴሚስተር የተማርሽው የፕሮፖዚሽናል ሎጂክ ምዕራፍ ነው። «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉትን ማያያዣዎችና የእውነት ሠንጠረዣቸውን ካወቅሽ የኢፍ («ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» የሚለውን) ትእዛዝ ግማሽ ያህል አውቀሻል።

ለመጀመሪያ ልምምድ ከዚሁ ከአገራችን የዘመን አቆጣጠር የተወሰደ ሥራ ልስጥሽ። አያቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ስለነበሩ ይህን ስሌት በጣቶቻቸው ሲሠሩት እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፕሮግራሚንግ ስማር የተረዳሁት እርሳቸው ያስተማሩኝ ነገር አልጎሪዝም፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ የሚሠራ የስሌት መመሪያ እንደነበረ ነው። መስከረም 1 በየትኛው ዕለት እንደሚውል ለማወቅ በቅድሚያ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረሽ ዓመተ ዓለሙን ታገኛለሽ። ዓመተ ዓለሙን ለ4 ታካፍይና ቀሪውን ጥለሽ ድርሻውን ብቻ ትይዣለሽ፤ ይህ መጠነ ራብዒት ይባላል። ሁለቱን ደምረሽ ለ7 ታካፍያለሽ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ከሆነ ረቡዕ፣ እያለ ይሄድና 6 ከሆነ እሑድ፣ ቀሪ ከሌለ ሰኞ ነው።

በ2016 ዓ.ም. እንሞክረው። ዓመተ ዓለሙ 7516፣ መጠነ ራብዒቱ 1879፣ ድምራቸው 9395 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይቀራል። የ2016 መስከረም 1 ማክሰኞ ነበር።

ይህን የመረጥኩልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በሲ ፕላስ ፕላስ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ቀሪው ይጣላል፤ 7 ለ2 ቢካፈል 3 እንጂ 3.5 አይሰጥም። ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ ማሽኑ የተሳሳተ ይመስላቸዋል፤ መጠነ ራብዒትን ለሚያሰላ ሰው ግን የሚያስፈልገው በትክክል ይኸው ነው። ቀሪውን ብቻ የሚሰጠው ምልክት ደግሞ % ነው፤ እዚህ የመቶኛ ትርጉም የለውም። ስለዚህ በአንድ አጭር ፕሮግራም ቁጥር መቀበልን፣ ቫሪያብልን፣ ማካፈልን፣ ቀሪንና የኢፍን ትእዛዝ ትለማመጃለሽ። መጀመሪያ በወረቀት ሥሪው፤ ከዚያ ወደ ስልክሽ አስገቢው፤ የገጠመሽንም እዚሁ ጻፊልን።

መልስ ፬ (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ (ኮድሽን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) 20 ስሕተት ቢዘረዝር አትደንግጪ፤ የመጀመሪያውን ብቻ አርሚና እንደገና አስኪጂው፤ ብዙ ጊዜ ሌሎቹ አብረው ይጠፋሉ። በመስመር መጨረሻ የሚቀመጠውን ምልክት ከረሳሽ ስሕተቱ የሚጠቆመው በቀጣዩ መስመር ላይ ስለሚሆን ከላዩ ያለውንም ተመልከቺ። ደግሞም ምልክቱ የእንግሊዝኛው ; መሆን አለበት። በአማርኛ ኪቦርድ ያለውን ድርብ ሰረዝ (፤) አስገብቼ አንድ ሙሉ ከሰዓት ያጠፋሁበት ቀን አለ።

ጠያቂዋ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአባቴ ደውዬ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ዓመት ላፕቶፕ እንደማያስፈልገኝ ነግሬዋለሁ።

መምህር፣ የሰጡኝን ሥራ በወረቀት ለሦስት ዓመታት ሠራሁትና ሁሉም ትክክል ወጣ። ወደ ስልኩ ሳስገባው ግን ሁለት ችግሮች ገጠሙኝ። የመጀመሪያውን ራሴ ፈታሁት። ዓመቱን «ደብል» በሚለው ዓይነት ይዤው ስለነበር ኮምፓይለሩ የ% ምልክት ያለበትን መስመር አልቀበልም አለኝ፤ ወደ «ኢንት» (የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ስለውጠው ተቀበለ። ሁለተኛው ግን ግራ አጋብቶኛል። 2016ን ሳስገባ «ማክሰኞ» ሲለኝ እጅግ ደስ ብሎኝ ለዶርም ጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። 2017ን ሳስገባ ግን በወረቀት ያገኘሁት ረቡዕ ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ አሁንም «ማክሰኞ» አለ፤ 2018ም «ማክሰኞ» ሆነ። ኮምፓይለሩ ምንም ስሕተት አልነገረኝም። የኢፍ መስመሮቹ «ቀሪ = 1 ከሆነ»፣ «ቀሪ = 2 ከሆነ» እያሉ የሚሄዱ ናቸው።

መልስ ፭ (የላብ ረዳት)

ጎበዝ! የመጀመሪያውን በራስሽ መፍታትሽ እጅግ አስደስቶኛል፤ ምክንያቱንም ልብ በይ። ደብል ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ ዓይነት ነው፤ በእርሱ ቢካፈል ኖሮ 7517 ለ4 1879.25 ይሆንና መጠነ ራብዒቱ ይበላሽ ነበር። ኮምፓይለሩ % ላይ ባይከለክልሽ ኖሮ የተሳሳተ መልስ በጸጥታ ይደርስሽ ነበር።

ሁለተኛው ችግር ያለው በምልክቱ ላይ ነው። በሒሳብ ደብተር ውስጥ = ማለት «እኩል ነው» ማለት ነው፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ግን «የቀኙን ዋጋ በግራው ውስጥ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የኢፍ መስመርሽ ቀሪው 1 መሆኑን አልጠየቀም፤ ያሰላሽውን ቀሪ አጥፍቶ በቦታው 1ን አስቀመጠ። ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ እንደ እውነት ስለሚቆጠር ቅድመ ሁኔታው ሁልጊዜ ይሟላል፤ ሁልጊዜም ማክሰኞ ይታተማል። ለማነጻጸር ሁለት ምልክት፣ ማለትም == ጻፊ።

2016 ትክክል የወጣው በአጋጣሚ ነው፤ እውነተኛው ቀሪ 1 ስለነበር ስሕተቱ ተሸፈነ። በአንድ ዓመት ብቻ ሞክረሽ አቁመሽ ቢሆን ኖሮ የተበላሸ ፕሮግራም ታስረክቢ ነበር። ስለዚህ ለሰባቱም ዕለታት ቢያንስ አንድ አንድ ዓመት አስገብተሽ፣ በወረቀት ከሠራሽው ጋር አመሳክሪ። ከቻልሽም በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ የኮምፓይለሩን ማስጠንቀቂያዎች አብሪ፤ እንዲህ ያለውን ነጠላ = ብዙ ጊዜ ይጠቁማል። ማስጠንቀቂያ ፕሮግራሙን አያስቆመውም፤ ሳታነቢው ግን አትለፊ።

ይህን ካስተካከልሽ በኋላ በዚያው ፕሮግራም ላይ ጳጉሜን ጨምሪበት። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች፤ አለዚያ 5 ናት። 2015ን አስገብተሽ 6 ማለቱን፣ 2016ን አስገብተሽ 5 ማለቱን አረጋግጪ። ሴሚስተሩ ሲከፈት ፋይሉን በፍላሽ ይዘሽ ወደ ላብ ነዪ፤ በላቡ ኮምፒውተር ጥቁር መስኮት ላይ የአማርኛው ፊደል ተበላሽቶ ሊታይ ስለሚችል የዕለታቱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍ ቅጂም አዘጋጂ።