አከራዬ ለአንድ ዩኒት መብራት 8 ባት ታስከፍለኛለች፤ የት ይከሰሳል?

የኦን ኑቷ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የ2025 ሶንግክራን (የታይ አዲስ ዓመት) እንዴት አለፈ? የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ባንኮክ፣ ኦን ኑት አካባቢ አፓርታማ ተከራይቼ ነው የምኖረው። የዚህ ወር መብራት 4,896 ባት መጣብኝ። ቢሉ ሮዝ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ በበር ሥር ነው የሚገባው። ያለፈው ንባብ 20418፣ የአሁኑ 21030፣ ልዩነቱ 612፣ ሲባዛ በ8። ውሃው ለብቻው ነው። ሕፃን ልጅ ስላለኝ ኤሲ ሳላበራ አላድርም፤ የኤፕሪልን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ኮንዶ የምትኖር ጓደኛዬ ግን የእሷ 4 ባት ገደማ እንደሆነ ነገረችኝ። ሴትዮዋን ስጠይቃት እየሳቀች "ሁሉም ጋ እንዲህ ነው" አለችኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይሄ ሕጋዊ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ብከሳት በቲኤም 30 (አከራይ የውጭ ዜጋ ቤቷ እንደሚኖር ለኢሚግሬሽን በምታስመዘግብበት ቅጽ) ብትበቀለኝስ? ቪዛዬ ጁን ላይ ነው የሚታደሰው። የሁለት ወር ዲፖዚቴም እሷ እጅ ነው።

አዲስ ገቢ
እኔም እኮ 8 ነው የምከፍለው። የመንግሥት ዋጋ መስሎኝ ነበር!

መምህሩ (ኖንታቡሪ)
እህቴ፣ ባጭሩ ልመልስልሽ። ከ2018 ጀምሮ የወጣ ደንብ አለ። ደንቡ ሲወጣ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ክፍል የሚያከራይ ሰው በመብራትና በውሃ ማትረፍ እንደማይፈቀድለት ነበር የሚለው። አቤቱታ የሚቀርበው ለተጠቃሚዎች ጥበቃ ቦርድ ነው፤ ስልኩ 1166። ታይኛ የሚችል ሰው አጠገብሽ ይኑር፣ አለበለዚያ ከመስመር መስመር እያዞሩሽ ነው የሚውሉት። ቲኤም 30ን በተመለከተ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የማስመዝገብ ግዴታው የአከራይዋ ነው፤ ቅጣቱም የእሷ። ግን ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ እንጂ እሷ አይደለችም። ስለዚህ ስትገቢ የተሰጠሽን ደረሰኝ ፈልጊ። እሱ እጅሽ ላይ ካለ ብዙም አትፍሪ። ለመሆኑ ሴትዮዋ ስንት ክፍል ነው የምታከራየው?

ራንግሲት
መምህሩ ያለው ልክ ነው፤ ግን ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይጠቅማል። እኔ እዚህ አገር ለትምህርት መጥቼ ሥራዬም ከዚሁ ከኃይል ጋር ሆኖ ቀርቷል።

ባንኮክን፣ ኖንታቡሪንና ሳሙት ፕራካንን የሚያበራው ኤምኢኤ የሚባለው የመብራት ድርጅት ነው። የቀረውን አገር ፒኢኤ ይይዛል። ከሁለቱ ኋላ ኢጋት አለ፣ በ1969 የተቋቋመ የመንግሥት ድርጅት። የራሱ ግድብና ጣቢያ አለው፤ ከግል አመንጪዎችና ከላኦስም ይገዛል፤ ከዚያ ለሁለቱ ይሸጣል። ዋጋው በየአራት ወሩ ይከለሳል። በ2025 ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል የነበረው አማካይ 4.15 ባት ነበር። በዚህ ሒሳብ የአንቺ 612 ዩኒት 2,540 ባት አካባቢ መሆን ነበረበት። ግን ኤምኢኤ አንቺን አያውቅሽም። የሚያውቀው የሕንፃውን አንድ ትልቅ ቆጣሪ ነው። ፎቅሽ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ቆጣሪዎች የሴትዮዋ ናቸው። ብትጠይቂያት "የሊፍቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የደረጃው መብራት" እያለች ትዘረዝርልሻለች።

4 ባቱስ ከየት መጣ? ከግማሽ በላዩ መብራት የሚመነጨው በጋዝ ነው። ጋዙ ከራሳቸው ባሕረ ሰላጤና በቧንቧ ከበርማ ይመጣል። ኤራዋን የሚባለው ትልቁ ማውጫ በ2022 ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ምርቱ አሽቆለቆለ። በዚያው ዓመት የዩክሬን ጦርነት መጣና በመርከብ የሚገባው ጋዝ ዋጋ ጣሪያ ነካ። ኢጋት ዕዳውን ተሸከመ፤ አሁን ቀስ እያለ ከሁላችንም ቢል ላይ እየለቀመ ነው። ሌላም አለ። የግል ጣቢያዎቹ ባያመነጩም ተዘጋጅተው ስለቆሙ ብቻ ይከፈላቸዋል፤ ውላቸው እንደዚያ ነው። አገሪቱ ደግሞ ከሚያስፈልጋት በላይ ጣቢያ አላት።

በ2023 ምርጫ ሙቭ ፎርዋርድ የተባለው ፓርቲ ይህን አደባባይ አውጥቶት ነበር። ከ500 ወንበር 151 አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ግን በወታደሮቹ ዘመን የተሾሙ 250 ሴናተሮችም ያን ጊዜ አብረው ይመርጡ ስለነበር መንግሥት ሳይመሠርት ቀረ። በ2024 ኦገስት ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ፓርቲውን አፈረሰው። ለምን እንደፈረሰ እዚህ አልጽፍም።

ቻንታቡሪ
ኧረ ጋሼ፣ ቀስ! ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ሮዝ ወረቀት ነው።

እናት ዓለም
ጋሽ ራንግሲት "አልጽፍም" ማለቱ እውነቱን ነው። በሰው አገር አንገትን ደፍቶ መኖር ነው የሚያዋጣው። በ2025 ኤፕሪል ፒትሳኑሎክ የሚያስተምር አሜሪካዊ በ112 (ንጉሡን መዝለፍ በሚከለክለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ) ታስሮ ቪዛው ተሰርዞ ነበር። በአንዱ ክስ ብቻ ከ3 እስከ 15 ዓመት ነው ቅጣቱ። እኛማ ማን ዞር ብሎ ያየናል?

እኔ በበኩሌ ስለ ቢሉ አልናደድም፣ ለምጄዋለሁ። የሚያቃጥለኝ ከቢሉ በኋላ የሚመጣው ነው። መብራት፣ ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ከፍዬ የቀረችውን ለእናቴ እልካለሁ። ብሩ ከተለቀቀ ወዲህ እዚያ የሚደርሰው ቁጥር በዝቷል፤ ዘይቱና ጤፉም አብሮ ጨምሯል። ቤተሰብ ግን ቁጥሩን ነው የሚያየው። "አሁንማ ሀብታም ሆንሽ" ይሉኛል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሰሞኑን ሌላ ነገር አመጣብኝ። "ታይላንድ ኮምፒውተር ላይ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ቲኬቱን እነሱ ይችሉታል፣ አንቺ ኤርፖርት ተቀበዪኝ" ይለኛል። ደመወዙን በዶላር ነገሩት አሉ። አላምን አልኩ። እናቴም ከእሱ ጋር ወግና "አንቺ እንዳይመጣብሽ ነው" አለችኝ። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ።

መምህሩ (ኖንታቡሪ)
እናት ዓለም፣ በፈጠረሽ እንዳይመጣ! ይሄ የማይ ሶት መንገድ ነው። ከባንኮክ በመኪና ማይ ሶት፣ ከዚያ ወንዙን አሻግረው በርማ፣ ሚያዋዲ፤ ሰውን አግተው በኢንተርኔት ማጭበርበር የሚያሠሩበት ግቢ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ከነዚያ ግቢዎች ወጥተው ለታይ ጦር ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ 260 ሰዎች ከግማሽ በላዩ የእኛ ልጆች ነበሩ። ፎቶውን ለእናትሽ ላኪላት። አንቺ ብትቆጪው አይሰማሽም።

ራንግሲት
እዚህ ላይ መንግሥትን ማመስገን ያስፈልጋል። ፌብሩዋሪ 5 ፒኢኤ በበርማ በኩል ላሉ አምስት የድንበር ቦታዎች የሚሸጠውን መብራት ቆረጠ። ነዳጅና ኢንተርኔትም አብሮ ተቋረጠ። ልጆቹ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ቻንታቡሪ
ጋሼ፣ ምስጋናው ይቅርብኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማን ነበር የሚሸጥላቸው? የታይ መብራት አይደለም እንዴ ያ ሁሉ ፎቅ ሲያበራ የኖረው? ፒኢኤ "ከብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤት ትእዛዝ እየጠበቅኩ ነው" ሲል፣ ምክር ቤቱ መልሶ ወደ ፒኢኤ ሲገፋ፣ ያን ጊዜ የአገር ውስጥ ሚኒስትር የነበረው አኑቲንም እንደዚያው ኳሷን ሲመልሳት አንብበናል። ቻይናዊው ተዋናይ ጃንዋሪ ላይ ጠፍቶ የቻይና ቱሪስት መቅረት ሲጀምር ግን ማብሪያ ማጥፊያው የት እንዳለ ታወቀ። ለእኛ ልጆች ብሎ የቆረጠ የለም።

ራንግሲት
ወንድሜ፣ በ2023ም ተቆርጦ ነበር። ጄኔሬተር አስገቡ፣ ከሌላ በኩልም ገዙ። የጎረቤት አገር መብራት ዝም ብለህ አትቆርጥም። እዚያ ሆስፒታል አለ፣ ተራ ሕዝብ አለ። አሠራር የሚባል ነገር አለ። ይሄ አገር ሥርዓት አለው፤ ልዩነታችን እሱ ነው። ቤትህ መብራት የጠፋበትን ቀን እስቲ ንገረኝ?

ቻንታቡሪ
ሥርዓት! ባለፈው ወር መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ባንኮክ ውስጥ ተንዶ የቀረው እየተሠራ የነበረው ፎቅ የማን ነበር? የኦዲተር መሥሪያ ቤቱ የራሱ። የሌላውን ሒሳብ የሚመረምረው ማለት ነው። ስንት የቀን ሠራተኛ ሥሩ ቀረ።

እኔ ድንጋይ ነው የምነግደው። ከወሎ ኦፓል ይመጣል፣ አልፎ አልፎ የአክሱም ሰንፔር። ቅዳሜና እሑድ ቻንታቡሪ ገበያ ጠረጴዛ ተከራይቼ እቀመጣለሁ። ሕጉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ አዎ። ማን ላይ እንደሚሠራ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው የምታየው።

ኡቦን
ሰላም ለሁላችሁ። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ መብራት ሲነሳ ግን አላስቻለኝም። የባለቤቴ አገር ኡቦን ራቻታኒ ነው። ቤተሰቦቹ ሙን ወንዝ ዳር ናቸው። ጋሽ ራንግሲት፣ የፓክ ሙንን ግድብ ያውቁታል አይደል?

ራንግሲት
እንዴታ። በ1994 ያለቀ፣ 136 ሜጋዋት። ትንሽ ነው።

ኡቦን
ለእርስዎ ትንሽ ነው። አማቴ ጓዳ ውስጥ የቀርከሃ ወጥመዶች አሉ፣ እንደኛ ቅርጫት የተሠሩ፣ አፋቸው ጠባብ። ጭስ ጠጥተው ጠቁረዋል። "ለምን አትጥይውም?" ስላት "ዓሣው ሲመለስስ?" ትለኛለች። ዓሣው ከሜኮንግ ተነስቶ ወደ ሙን ይወጣ ነበር፤ ግድቡ መንገዱን ዘጋው። ዓሣ መወጣጫ ተብሎ የኮንክሪት ደረጃ ተሠርቶለታል፤ እንደታሰበው አልሠራም። እሷም በ1997 ባንኮክ ሄዳ መንግሥት ግቢ ፊት ለፊት 99 ቀን አስፋልት ላይ ከተኙት አንዷ ናት። የድሆች ጉባኤ የሚባለው ነበር የጠራቸው። በ2001 ታክሲን ሺናዋትራ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሲመጣ የግድቡ በሮች ለአንድ ዓመት ተከፈቱ። የኡቦን ዩኒቨርሲቲ አጥንቶ "ለአምስት ዓመት ክፍት ይሁን" አለ። መንግሥት ግን በዓመት አራት ወር ብቻ ብሎ ዘጋው።

እርስዎ "ቤትህ መብራት የጠፋበት ቀን" ሲሉ እኔ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

ራንግሲት
እህቴ፣ አዝናለሁ፣ ግን አገር የሚመራው በአንድ ወንዝ አይደለም። እኔ በ2011 ጎርፍ ጊዜ እዚሁ ነበርኩ። ግቢያችን በሙሉ ውሃ ዋጠው። ቡሚቦልና ሲሪኪት ግድቦች ለበጋው ብለው ውሃ ሲያጠራቅሙ ሞሉ፤ ከዚያ በዝናቡ መሐል መልቀቅ ግድ ሆነ። ከ800 በላይ ሰው ሞቷል። ያን ጊዜ ባንኮክን ለማዳን በአሸዋ ከረጢት ውሃውን ሰሜን በኩል ያዙት። ለመሐል ከተማ የማንም ልብ...

ኡቦን
ይበሉታ፣ ይጨርሱት። ሰሜን በኩል የነበረው ሰው ነው በውሃ የቆየው። ክሎንግ ሳም ዋ ሕዝቡ ተነስቶ የውሃ በሩን በጉልበት አስከፈተ። እዚያ የነበሩት እርስዎ ናቸው፣ እኔ የሰማሁትን ነው የምነግርዎ።

ራንግሲት
ጠቅላይ ሚኒስትሯና የባንኮክ አገረ ገዢ ከሁለት ባላንጣ ፓርቲ ነበሩ። ችግሩ እሱ ነው፤ በሩን ማን ይክፈት ማን ይዝጋ አልተግባቡም። አንድ አዛዥ ቢኖር እንደዚያ አይሆንም ነበር።

ቻንታቡሪ
አንድ አዛዥ ናፈቀዎት? ከ1932 ወዲህ ከአሥር በላይ መፈንቅለ መንግሥት ያየ አገር ነው። አዛዥ አላጣም።

አዲስ ገቢ
እኛስ ጋ ግድብ ሲሠራ የታችኛውን ሰው ማን ጠየቀው? ኦሞ ላይ...

አስተባባሪ
የአገር ቤት ፖለቲካ እዚህ አይገባም፤ ደንቡን ታውቃላችሁ። የአዲስ ገቢን ቀጣይ ሁለት መልእክት አንስቻለሁ። ስለ ታይላንድ እስከሆነ ድረስ በጨዋ ደንብ ቀጥሉ። 112ን ደግሞ ማንም እንዳይነካካ።

እናት ዓለም
ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት። አይታ ዝም አለች። ወንድሜ ግን "እነዚያ በሌላ ኤጀንሲ የሄዱ ናቸው" ይላል። ከዚያ የተመለሰ ልጅ ቁጥር ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይላክልኝ። ከራሱ አፍ ይስማው።

መምህሩ (ኖንታቡሪ)
ልኬልሻለሁ። ልጁ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ማታ ደውሉለት። ማውራት አይወድም፣ ግን ለእንዲህ ያለው እምቢ አይልም።

የኦን ኑቷ
ወገኖቼ፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ፣ አመሰግናለሁ። የ8 ባቱ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። ታች ያለውን የፖስታ ሳጥን ቆጠርኩ፤ 24 ነው። ስለዚህ ከአምስት በላይ ናት ማለት ነው? ወይስ ግማሹ የወንድሟ ነው ቢባል ይለያል? ዘበኛው "የወንድምና የእህት ነው" ብሎኛል። የቲኤም 30 ደረሰኙን አግኝቼዋለሁ። ውሉ ግን በታይኛ ነው፣ ገጽ 2 ላይ 8 የሚል ቁጥር አለ፣ ከሥሩ ፈርሜበታለሁ። ይሄ አቤቱታዬን ያበላሽብኛል?

አዲስ ገቢ
ስትደውዪ ንገሪኝ፣ እኔም አብሬሽ ስሜን ላስገባ። ብቻሽን ከምትሆኚ ሁለት እንሁን። ግን አንቺ ቀድመሽ ደውዪ።

ራንግሲት
ኡቦን፣ ያልሽው የዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አራት ወር መከፈቱም ቢሆን ከኢጋት ጋር ስንት ድርድር ያለቀበት ነው፣ እንደ ቀላል አትዪው። ሰነዱ እጄ ላይ አለ፤ ማታ ተረጋግቼ በዝርዝር እጽፋለሁ።