የእስራኤልና የፍልስጤም ጠብ የ3,000 ዓመት ነው ወይስ የ100?

ጥያቄ፦
ትናንት ቡና ላይ ተጨቃጨቅን። ጓደኛዬ «ከይስሐቅና ከእስማኤል ጀምሮ የመጣ ነው፣ አያልቅም» ብሎ ድርቅ አለ። እውነት ነው እንዴ?

መልስ 1፦
ኧረ ይስሐቅን ተወው! ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምር። የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ባልፎር፣ በፍልስጤም ለአይሁዶች «ብሔራዊ ቤት» እንደግፋለን ብሎ ጻፈ። ያኔ አብዛኛው ነዋሪ አረብ ነው። ደብዳቤው ግን አረብ እንኳን አይልም፣ «አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» ብሎ አለፋቸው።

መልስ 2፦
ግማሹን ነው ያወራኸው። አይሁዶቹ ለምን አገር ፈለጉ? በሩሲያ ከ1881 ጀምሮ እየተዘረፉና እየተገደሉ ነበር፣ ኋላ ናዚዎች 6 ሚሊዮኑን ጨረሱ። በ1947 ተመድ ምድሪቱን ለሁለት እንክፈል ሲል የአይሁድ መሪዎች ተቀበሉ፣ አረቦቹ እምቢ አሉ፣ ጦርነት ሆነ። 700,000 ገደማ ፍልስጤማውያን ሸሹ ወይም ተባረሩ። እነሱም አልተመለሱም።

ጠያቂው፦
እና 3,000 ዓመቱ ተረት ነው?

መልስ 3፦
እኔ የምኖረው እስራኤል ነው። አያቴ ጎንደር ሆና ፊቷን ወደ ኢየሩሳሌም አዙራ ነበር የምትጸልየው፣ ለሷ ተረት አልነበረም። የዛሬውን ጠብ ግን ከ1967 ጀምረህ እየው፤ ያኔ እስራኤል ዌስት ባንክን (ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተምዕራብ ያለውን፣ ፍልስጤማውያን የሚኖሩበትን ምድር) በጦርነት ያዘች፣ እዚያ አይሁዶችን የማስፈሩ ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው።