ሸራው አዲስ ነው፤ ፍሬን ስይዝ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል? የኮሮላ የፊት ዲስክ ስለመቀየር

ባለኮሮላ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ2004 ኮሮላ ናት። ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ከያዝኩ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉም እግሬን እየገፋ ይመታል። ፍሬን ካልያዝኩ ምንም የለም። የፊት ሸራ (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው) ከተቀየረ ሦስት ወሩ ነው። የዲስኩን ውፍረት ስለካው 20.4 ሚሊ ሆነ፤ ጠርዙ ላይ የተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ 20 ነው። ቶርኖ (ፊቱን ልጦ የሚያስተካክል ማሽን) ላስገባው ወይስ አዲስ ልግዛ? ከተቀየረ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልሠራው ነው። ክሪክ፣ ካባሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት መቆሚያ)፣ የ14፣ የ17 እና የ21 ቁልፍ አለኝ።

ግራሶ
ቶርኖውን እርሳው ወንድሜ። ከእያንዳንዱ ፊት ሩብ ሚሊ ብቻ ቢነሳ 19.9 ይቀርሃል፣ ከልክ በታች ነው። ቀጭን ዲስክ ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይግላል። ሁለቱንም የፊት ዲስክ ከነአዲስ ሸራ ግዛ። አሮጌው ሸራ የአሮጌውን ዲስክ ቅርጽ ስለያዘ አዲሱ ላይ በሙሉ ፊቱ አይቀመጥም። ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ዲስክ ይዘህ ሂድ፤ ስፋቱን፣ የመሃል ቀዳዳውንና የጀርባውን ጥልቀት አስተያይ። «ይገጥማል» በሚል ቃል ብቻ ገንዘብ አታውጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእጅ ፍሬን ሳብ፣ የኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ። የጎማውን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ አላላ፣ ከዚያ አንስተህ ካባሌቶ ላይ አሳርፍ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅህን አታስገባ። ጎማውን ካወጣህ በኋላ ከካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ ከሚጫነው ክፍል) ጀርባ ያሉትን ሁለት የ14 ቡሎኖች ፍታ። ፒኑ (ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ዘንግ) አብሮ ከዞረ በ17 ቁልፍ ያዘው። ካሊፐሩን በሽቦ ከሞላው ላይ ስቀለው፤ በጎማ ቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ውስጡ ይቀደዳል፣ ከውጭ አይታይህም። ቀጥሎ የካሊፐሩን መያዣ የያዙትን ሁለት የ17 ቡሎኖች ፍታ፣ ዲስኩ ይወጣል። ከተጣበቀ በመዶሻ አትደብድበው፣ ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ትጎዳለህ። ዲስኩ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ 8 ሚሊ ቡሎን (ጥርሱ 1.25) አስገብተህ በየተራ ስታጠብቅ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ሰው ሁሉ «ዲስኩ ተጣመመ» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሞዞው (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት መሃል ብረት) ላይ ነው። ዲስኩ የሚያርፍበት ፊት ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ዝገት እንኳ ካለ ዲስኩ ሲዞር ጠርዙ ይወዛወዛል። በየዙሩ ያው የዲስኩ ቦታ ሸራውን እየነካ ራሱ ይበላል፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንተ ውፍረቱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከለካህ ይህን አታየውም፤ ዙሪያውን ስምንት ቦታ ለካው። ስለዚህ ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ በተለይ ቡሎኖቹ ሥር፣ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ። ይህን ካለፍከው አዲሱም ዲስክ በሦስት ወሩ ይንቀጠቀጣል።

ከሜሪላንድ
ግራሶ ያለው ልክ ነው። እዚህ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ዝገቱ ይብሳል። ልጨምር፦ ካሊፐሩን ከመመለስህ በፊት ዲስኩን በጎማ ዳዶዎች አጥብቀህ በሰዓት መለኪያ (ጥቃቅን መወዛወዝን በቀስት በሚያሳይ መሣሪያ) አዙረህ እየው። ጠርዙ አካባቢ ከ0.05 ሚሊ በላይ ከተወዛወዘ ዲስኩን አውጥተህ ወደሚቀጥለው ቡሎን አዙረህ ግጠም፣ እንደገና ለካ። በሁሉም ቦታ ካልተስተካከለ ሞዞውን ወይም ኩሽኔታውን ጠርጥር።

ባለኮሮላ
አመሰግናለሁ። በግራ በኩል አንዱ ፒን በእጅ አይንቀሳቀስም። ደግሞ አዲሱ ዲስክ ዘይት ተቀብቷል፣ በናፍጣ ልጠበው?

ግራሶ
በናፍጣ አይሆንም! ቅባቱ ሸራው ውስጥ ይገባል፣ ሸራው ይበላሻል። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ከሌለህ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና እጠብ፣ ወዲያው አድርቅ። የደረቀው ፒን ደግሞ ሸራው በአንድ ወገን ብቻ እንዲበላና ዲስኩ እንዲግል ያደርጋል። አውጣው፣ ጠራርገው፣ የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ቀባ። ተራ ግሪስ ጎሚኒውን (የፒኑን የጎማ ሽፋን) ያሳብጠዋል፣ ፒኑም ተመልሶ ይነክሳል።

ፒስተኑን (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋውን) ወደ ውስጥ ከመግፋትህ በፊት የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈት፣ ሞልቶ ከሆነ በሲሪንጅ ቀንስ፤ ከፈሰሰ የመኪናውን ቀለም ይበላል። አሮጌ ሸራ ፒስተኑ ላይ አድርገህ በአናጢ ማጥበቂያ ቀስ ብለህ ግፋ።

ማጥበቂያ ልክ፦ የካሊፐር ቡሎን 34፣ የመያዣው 107፣ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከጎደለህ ተከራይ። ጎሚስታ ጋ በአየር መሣሪያ ወይም ረጅም ቱቦ በቁልፉ ጫፍ አስገብተህ የምታጠብቀው ዳዶ አንዱን ወገን ስቦ ያንኑ መወዛወዝ ይመልስልሃል። በመስቀል ቅርጽ፣ በሁለት ዙር አጥብቅ።

ከሜሪላንድ
ሞተር አስነስተህ ከመንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመህ ርገጥ። ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ተገፍተዋልና የመጀመሪያው ረገጣ እስከ ወለል ይወርዳል። ከዚያ ሜዳ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል ለስለስ አድርገህ ቀንስ፣ በየመሃሉ እንዲቀዘቅዝ እየነዳህ። ሙሉ በሙሉ አትቁም፤ የጋለ ሸራ አንድ ቦታ ላይ ታስሮ ከቆመ አሻራውን ትቶ ያልፋል። ለእንጦጦ ቢያንስ እስከ ሳምንት ቆይ።