የፕሩሲያው ሕግ ቀርቶ የኦስትሪያው እስከ ዛሬ የዘለቀው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (የሕግ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች ስለወጡ ቀደምት የፍትሐ ብሔር ሕጎች የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የፕሩሲያው ሕግ በ1794፣ የኦስትሪያው በ1811 ወጡ፤ የፊተኛው በ1900 ለጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቦታውን ሲለቅ፣ የኋለኛው እየተሻሻለ ዛሬም ይሠራበታል። በ17 ዓመት ብቻ የሚራራቁ ሕጎች ዕጣቸው ለምን ተለያየ?

ጡረታ የወጣ ዳኛ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ርዝመታቸውን ተመልከት። የፕሩሲያው ከ19,000 በላይ አንቀጾች ነበሩት፤ ጤነኛ እናት ልጇን ራሷ እንድታጠባ ያስገድዳል፣ እስከ መቼ እንደምታጠባ የሚወስነው ደግሞ አባት ነው ይላል። ሁሉን አስቀድሞ ለመወሰን የተነሣ ሕግ ዳኛውን አያምንም፤ ትርጉሙ ያጠራጠረው ዳኛ የሕግ ኮሚሽኑን እንዲጠይቅ የታዘዘውም ለዚህ ነው፤ ትእዛዙ በ1798 ተነሣ። የኦስትሪያው፣ ፍራንዝ ፎን ዛይለር የደከመበት፣ በ1,502 አንቀጾች ተወስኖ፣ ክፍተት ሲያጋጥም ዳኛው ተመሳሳይ ጉዳዮችን፣ ከዚያም የተፈጥሮ ሕግን መርሆዎች እንዲመለከት በ7ኛው አንቀጽ ፈቀደለት። በዳኝነት ዘመኔ የአንዱ ታንኳ የሌላውን ዓሣ አጥማጅ መረብ ጣና ላይ ቀድዶ ተካሰው ቀርበው ነበር። በሕጋችን ስለ መረብ የተጻፈ ነገር ባይኖርም፣ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ የሚለው አንቀጽ 2028 ብቻውን በቃን።

ጠበቃ (ባሕር ዳር)፦
ክቡር ዳኛ ያነሡት ትክክል ሆኖ ሳለ፣ የፕሩሲያው ሕግ በርዝመቱ ብቻ አልቀረም ብዬ አምናለሁ። በ1871 ጀርመን አንድ ስትሆን በራይን ግራ ዳርቻ የፈረንሳይ ሕግ፣ በሳክሶኒ የ1863ቱ የራሷ ሕግ፣ በባቫርያ ደግሞ ክራይትማየር ያረቀቀው የ1756ቱ ሕግ ይሠራባቸው ስለነበር፣ አንዱን ክፍል ሳያስከፋ ሁሉን የሚጠቀልል አዲስ ሕግ ማውጣት የግድ ሆነ። ኦስትሪያ ግን ከዚያ ኅብረት ውጭ ቀረች። ስለ ርዝመት ካነሣን ደግሞ፣ ለኦስትሪያዋ ገዥ ለማርያ ቴሬዛ በ1766 የቀረበላት የሕግ ረቂቅ እጅግ የተንዛዛ ሆኖ ስላገኘችው፣ ሕግና የመማሪያ መጽሐፍ እንዳይደባለቁ፣ አጻጻፉም አጭር እንዲሆን አዘዘች። ዛይለር የተከተለው መንገድ በዚያ የተጠረገ ይመስለኛል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፌን ከማርያ ቴሬዛ ትእዛዝ እጀምራለሁ፤ የ1871ዱን ውሕደት ደግሞ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አደርገዋለሁ።