በወንድሜ ዕዳ የታገደ የጋራ የባንክ ሂሳብ

እኔና ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ በሁለታችን ስም የተከፈተና ከሁለታችን አንዳችን ብቻችንን ፈርመን ልናወጣ የምንችልበት የቁጠባ ሂሳብ አለን። ሂሳቡ የተከፈተው እኔ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ስወጣ እርሱ የእናታችንን የሕክምና ወጪ እንዲከፍል ሲሆን፣ ገንዘቡ በሙሉ ከደመወዜ የገባ ነው። ወንድሜ ለአንድ ነጋዴ ብድር ዋስ ሆኖ ተፈርዶበት ስለነበር፣ የፍርድ ባለመብቱ (ፍርዱ የተፈረደለት ወገን) ፍርዱ እንዲፈጸምለት ባቀረበው የአፈጻጸም አቤቱታ ፍርድ ቤቱ በሂሳቡ ያለውን 640,000 ብር በሙሉ አሳግዷል። እኔ በክሱ ተከራካሪ አልነበርኩም፤ ዕዳውም አይመለከተኝም።

ባንኩን ስጠይቅ እግዱ የሚነሳው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ መሆኑን ገለጸልኝ። ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 መሠረት የደመወዝ ማስረጃዬንና የባንኩን የሂሳብ መግለጫ አያይዤ መቃወሚያ አቀረብኩ። የፍርድ ባለመብቱ ግን ወንድሜ ገንዘቡን ብቻውን ማውጣት ስለሚችል ሁሉም የእርሱ ንብረት ነው ሲል ተከራከረ። ይህ ለእኔ ፈጽሞ ትክክል አይመስለኝም፤ የማውጣት ሥልጣን የገንዘቡ ባለቤት አያደርግምና። በሌላ በኩል፣ የጋራ ባለሀብቶች ድርሻ እኩል እንደሆነ የሚገመት በመሆኑ ግማሹ ለዕዳው ይውላል የሚል ስጋት አለኝ፤ እናታችን ደግሞ ሕክምናዋን ማቋረጥ አትችልም።

በአፈጻጸም ችሎት የተከራከራችሁ የሕግ ባለሙያዎች ወይም ተመሳሳይ ጉዳይ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ገንዘቡ ሁሉ ከእኔ ደመወዝ መግባቱን የሚያሳየው የሂሳብ መግለጫ የእኩል ድርሻ ግምቱን አፍርሶ ገንዘቡን በሙሉ ለማስለቀቅ ይበቃል ወይስ ሌላ ማስረጃ መጨመር አለብኝ?